መንቁር ቆራጯ ደስታነሽ

ስልኳ ሲጮህ ደስታነሽ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የደወለው ወንዳወቅ የሚባል፣ ቡሬ ከተማ ውስጥ ሆቴል ያለው ሰው ነው። በቀቀን አለችኝ አላት። መንቁሯ ከልክ በላይ አድጎ መብላት አቅቷታል፤ የከብት ሐኪሞቹን ቢጠይቅ "እኛ የምናውቀው በሬና በቅሎ ነው" ብለው ሳቁበት፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን የእርስዎን ስም ጠራልኝ አለ።

"ምን አለችህ?" አለች ደስታነሽ።

"በቀቀን። ወፍ ናት እትዬ። አረንጓዴ፣ አናቷ ቢጫ።"

"እሱንስ አውቃለሁ። ዋርካ ላይ ስትንጫጫ የኖረች ወፍ። ሆቴል ማን አስገባት?"

ወንዳወቅ መኪና ልላክልዎ ወይ ብቻ አለ። እሷም በሰው መኪና ተጭኜ አልሄድም፣ በሚኒባስ እመጣለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ደስታነሽ ሰው ትንቃለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷም አትክደውም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የዶሮ ማባዣ ጣቢያ ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ሥራዋ የጫጩት መንቁር መቁረጥ ነበር። ጫጩት በጠባብ ቤት በሺህ ስትታጎር እርስ በርሷ ትነካከሳለች፤ ላባ ትነቅላለች፤ ደም ካየችማ አንጀት ሳታወጣ አትለቅም። ስለዚህ ገና በሳምንቷ የመንቁሯ ጫፍ በጋለ ምላጭ ይቆረጣል። ደስታነሽ ጫጩቷን በግራ እጇ አንስታ፣ አናቷን በአውራ ጣቷ ደግፋ፣ ምላጩ ላይ ሁለት ሰከንድ አሳርፋ ወደ ሳጥኑ ትመልሳታለች። በቀን ሁለት ሺህ፣ ሥራ ሲበዛ ሦስት ሺህ። "ሰውም እንዲሁ ነው" ትል ነበር፤ "ቦታ ሲጠበው ይናከሳል። የሰውን መንቁር የሚቆርጥ ጠፋ እንጂ።"

ዶሮን ትንቃለች፤ ዶሮን ስም አውጥተው የሚጠሩ ጎረቤቶቿን ደግሞ ከዶሮዋ አስበልጣ ትንቃለች። በሬ ይረግጠኛል ብሎ መርፌ በአጥር ላይ አሻግሮ የሚወጋውን ወጣት ሐኪም ትንቃለች። ስብሰባ የሚወደውን ሹም፣ እጁ ለስልሶ ሆዱ የቀደመውን ነጋዴ፣ በልቅሶ ቤት ጮክ ብሎ የሚያለቅሰውን ዘመድ፣ ሁሉንም በየማዕረጉ ትንቃለች። የምትንቀውን ነገር ግን ሰው ነገረኝ ብላ መናቅ አትወድም። ቀርባ በዓይኗ ማየት አለባት። ቡሬ የሄደችውም ለዚሁ ነው።

ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ደስታነሽ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞረች። ከመንገዱ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ባምላኩ የሚባል አንድ ሽማግሌ ምድጃና ራዲዮ ሲጠግን ይውላል። ድሮ በዶሮ ጣቢያው የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ በጥፋት ተባረረ። ደስታነሽ እሱን "ያ ሰካራም" እያለች ነው የምታነሳው። ስታልፍ አይታው አታውቅም፤ ላለማየት ግን ሁልጊዜ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ነበረባት።

ወንዳወቅን የምታውቀው ገና ሆቴሉ ሳይኖር፣ ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬውን ውሃ እየረጨ ሚዛን ሲያከብድ ነው። አሁን አገሩ ሁሉ "እርስዎ" ይለዋል። ሆቴሉ አምስት ፎቅ ነው፤ ሦስቱ ሰማያዊ መስታወት ለብሷል፣ የላይኞቹ ሁለቱ መወጣጫ እንጨታቸው እንኳ ሳይነሳ ቀርቷል። በቀቀኗ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ፣ ወርቅማ ቀለም በተቀባ የሽቦ ቤት ውስጥ፣ ለስላሳ የመጋረጃ ብረት ላይ ቆማለች። ከሥሯ ቀይ ምንጣፍ፣ ከፊቷ ደግሞ ወተት የጠጣ ዳቦና የቶርታ ክሬም።

"ስሟ ማዳም ነው" አለ ወንዳወቅ። "ትናገራለች እኮ! እንግዳ ሲገባ 'እንኳን ደህና መጡ' ትላለች።"

ወፏ በረጅሙ አፏጨች።

"ሰሙ?"

"ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች" አለች ደስታነሽ። "ክፈታት።"

የላይኛው መንቁሯ እንደ ማጭድ ታጥፎ ጉሮሮዋን ሊወጋ ደርሷል። ከዳር ዳር እንደ አሮጌ ቀለም ይላጣል። ወፏ ዳቦውን በምላሷ ትልሰዋለች እንጂ መንከስ አትችልም። ደስታነሽ ፎጣ አስመጣችና ጠቀለለቻት፤ ወፏ ልትነክሳት ሞከረች፣ መንቁሩ ግን አልገጥም አላት። ደረቷን ዳሰሰች። አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ቆሟል።

"ይች ወፍ ርቧታል።"

"እንዴት ይርባታል? ከእኔ ልጆች የተሻለ ነው የምትበላው!"

"ለዚያ ነዋ። ስኳርና ቅባት ጉበቷን በልቶታል። መንቁር ይበቅላል፤ ወፍ ደግሞ ጠንካራ ነገር እየሰበረች፣ ሻካራ እንጨት እያኘከች ትሞርደዋለች። አንተ የምትሰብረውንም የምታኝከውንም ነስተህ ክሬም አቀረብህላት። ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ነው ክሬም።"

አጠገባቸው የቆሙት አስተናጋጆች ጎንበስ አሉ፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ። ወንዳወቅን "አንተ" ሲለው የሰሙት ሰው አልነበረም።

ደስታነሽ ሞረድ ጠየቀች። ወፍራም የብረት ሞረድ አመጡላት፤ ወረወረችው። በመጨረሻ ከምድር ቤቱ የውበት ሳሎን ቤቴል የምትባል ወጣት ቀጭን የጥፍር ሞረድ ይዛ መጣች። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሽፋሽፍቷ የተለጠፈ፣ ጥፍሯ እንደ ጭልፊት የረዘመ። ደስታነሽ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና "ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክመሽ ሽንት ቤት እንዴት ትገቢያለሽ?" አለቻት። ልጅቱ ቀላችና ሞረዱን ዘረጋችላት።

"ስልክሽን አብሪ። ከመንቁሩ ጀርባ ያዢው።"

ብርሃኑ ሲበራ ጫፉ እንደ ቀንድ ማንኪያ አሳለፈው፤ ወደ ላይ ሲኬድ ግን ጠቆረ።

"ያ ጥቁሩ ይታይሻል? ደም ነው። ይህ ጥፍር አይዶለም፤ ሥጋ አለበት፣ ያማታል። መንቁሩ ሲረዝም ደሙም አብሮ ይወርዳል። ዛሬ ከጫፉ ጥቂት ትነሻለሽ፤ ደሙ ይሸሻል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጥቂት። በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ይገድላታል።"

ልትነግር የፈለገችው ለወንዳወቅ ነበር፤ ልጅቷን ለማስተማር አልነበረም። ቤቴል ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ እጇን ሳታንቀሳቅስ መብራቱን ያዘች። ደስታነሽ በዝግታ ሞረደች፤ ነጭ ዱቄት ፎጣው ላይ ተራገፈ። ከጫፉ የጣት ጥፍር ያህል ስታነሳ አቆመች።

"አበቃ?" አለ ወንዳወቅ። "ገና ረጅም ነው እኮ።"

"ለዛሬ አበቃ።"

"ቅዳሜ አዳራሹ ይመረቃል እትዬ። ከባሕር ዳር እንግዶች አሉን። መንቁሯ አጥሮ፣ በዘይት ታሽቶ፣ እንዲያብረቀርቅ ነበር ያሰብኩት።"

"ማብረቅረቅ ካስፈለገ አንተ ተቀባ።" ፎጣዋን አራገፈች። "ይህን የመጋረጃ ብረት ጣልና የወይራ ቅርንጫፍ ከነቅርፊቱ አስገባላት። በቆሎ ከነራሱ፣ ሾላ፣ ዋንዛ ስጣት።"

"ሾላ!" ወንዳወቅ ዙሪያውን አየ፤ ሰው እንዳይሰማው። "የእረኛ ምሳ አይደለም እንዴ? እንግዳ ፊት ሾላ ላስቀምጥ?"

ደስታነሽ ከንፈሯን ጣል አድርጋ ወጣች። ሚኒባስ ላይ ተቀምጣ ሳለ ብቻዋን ሳቀች። ሰውዬው ወፏን ከዛፍ አውርዶ የዛፉን ፍሬ አፈረበት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ቤቴል ነበረች፤ ድምጿ ይቆራረጣል። "እትዬ፣ ወፏ ደም እየፈሰሳት ነው። አልቆም አለ።"

"ማን ነካት?"

"ይምጡልኝ እባክዎ።"

"ወጥ ሥሯት" አለችና ደስታነሽ ዘጋችው።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የልብስ ገመዱን አጠበቀች፣ ደጁን ጠረገች፣ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። አንድ ነገር ግን ከዓይኗ አልሄድ አለ። ሙሉ ሳህን ፊት ቆማ የምትልስ ወፍ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ በፊት አይታዋለች።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ጣቢያው ሳለች፣ የታናሽ እህቷ ሰርግ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ሦስት ሺህ ጫጩት በቀኗ መጨረስ ነበረባት፤ የማታው መኪና እንዳያመልጣት ደግሞ ቸኮለች። ሲቸኩሉ እጅ ይከብዳል። ሩቅ ገብታ ቆረጠች፤ ምላጩ ላይም ከልኩ በላይ አቆየቻቸው። እየታወቃት ነበር። ነገ ይሻላቸዋል ብላ ሰርግ ሄደች። ከሰርግ ስትመለስ ጫጩቶቹ ውሃውን ከበው ቆመው አገኘቻቸው። ጎንበስ ይላሉ፣ የተቃጠለው መንቁር ውሃውን ሲነካው ያማቸዋል፣ ቀና ይላሉ። ውሃ ፊት ቆመው በውሃ ጥም ዘጠኝ መቶው አለቀ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ምን ሆነው ሞቱ ተብላ ስትጠየቅ "ምላጩ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር" አለች። የምላጩን ሙቀት የሚያስተካክለው ባምላኩ ነው። ባምላኩ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ አረቄ ቤት ጎራ እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። ሰውዬው የአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎቱን ትቶ ወጣ። ደስታነሽም ከዚያን ቀን ጀምሮ "ያ ሰካራም" ትለው ጀመር። የበደሉትን ሰው ከመናቅ የሚቀል ነገር የለም፤ ሲደጋግሙት እውነት ይመስላል።

መጥረጊያዋን ጣለችና ነጠላዋን አነሳች። መንገድ ላይ ለራሷ የነገረችው ግን ሌላ ነው፤ የወንዳወቅን ፊት ልየው ብዬ ነው የምሄደው አለች።

ሆቴሉ በፊኛ አጊጧል። ሙዚቃው ደጁን ያናውጠዋል። የሽቦው ቤት በቦታው አለ፤ እንግዳም ከቦታል። ደስታነሽ በሰዎቹ ትከሻ መካከል አጮልቃ አየች። ውስጥ አረንጓዴ ወፍ ቆማለች፤ አናቷ ቢጫ፣ መንቁሯ አጭርና የሚያብረቀርቅ። አንድ ከረባት ያሰረ እንግዳ ወደ ሽቦው ጠጋ ብሎ "ጤና ይስጥልኝ" አላት።

"ጤና ይስጥልኝ" አለች ወፏ፤ ራሷን እየነቀነቀች።

ጭብጨባ ሆነ። "ጉድ ነው! በአማርኛ!" አለ ሰውዬው። አጠገቡ ያለችው ሴት "ያውም በጎጃም ዜማ" ብላ ጨመረች። ስልኮች ወጡ። ደስታነሽ ጠጋ ብላ ተመለከተች። ፕላስቲክ ናት። ከእግሯ ሥር ትንሽ የባትሪ ክዳን አለ። የሰማችውን መልሳ የምትናገር የልጅ መጫወቻ፣ የሱቅ አሻንጉሊት። ዲግሪ ያለው፣ ሹመት ያለው፣ ሀብት ያለው፣ ሁሉም ተራ ይዞ ሰላምታ ያቀርብላታል። ወንዳወቅ ከጎን ቆሞ ልክ እንደ ልጁ ምርቃት ደረቱን ነፍቷል። ደስታነሽን ሲያያት ፊቱ ለቅጽበት ጠቆረና ወደ ሌላ እንግዳ ዞረ።

በሌላ ቀን ቢሆን ደስታነሽ ይህን ንቀት ለወር ስንቅ ትይዘው ነበር። ያን ቀን ግን የምትፈልገው ሌላ ነበር። ቤቴል ከደረጃው ሥር ብቅ ብላ ጠራቻት።

እውነተኛዋ ወፍ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ኋላ፣ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ውስጥ ተደብቃለች። የመንቁሯ ጫፍ ተሰንጥቋል፤ ደረቷ ደም በደም ሆኗል፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ደስታነሽ ተንበረከከች። "የበቆሎ ዱቄት ከወጥ ቤት አምጪ። ጥጥም።" ዱቄቱን ስንጥቁ ላይ ነስንሳ፣ በጥጥ ጫን አድርጋ ያዘች። "ቁጠሪ" አለች፤ ቤቴል እስከ ሦስት መቶ ቆጠረች። ሲያነሱት ደሙ አቁሟል። የተሰነጠቀውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሱት፤ ይህን ጊዜ ሞረዱን የያዘችው ቤቴል ነበረች፣ ደስታነሽ ወፏን አቅፋ ይዛ ነበርና።

"በምን ቆረጥሽው?"

"በጥፍር መቁረጫ።"

"ደንዞ ይሆናል" አለች ደስታነሽ። ለምን እንዳለችው አላወቀችም፤ ከልማድ ይመስላል። "ደነዝ ብረት ይሰነጥቃል። መቁረጫው ነው እንጂ አንቺ ምን ታደርጊ።"

ቤቴል ቀና አለች። ያ የተለጠፈው ሽፋሽፍት በአንድ በኩል ተላቆ ተንጠልጥሏል።

"አይ እትዬ። መቁረጫው አዲስ ነው። የእኔ እጅ ነው። እርስዎ በጥቂት በጥቂቱ ብለው ነግረውኛል፣ ደሙንም አሳይተውኛል። ጋሽ ወንዳወቅ ለዛሬ ይድረስ ሲሉኝ ፈራሁና በአንዴ ቆረጥኩት። ሲቆረጥ ጮኸች። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ይህች ጥፍሯን የቀለመች፣ ትናንት የተፈለፈለች ልጅ እሷ በአሥራ አራት ዓመት ያልቻለችውን ቃል የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ሳያስገድዳት ተናገረችው። ደስታነሽ ንቀቷን ፈለገች፤ ሁልጊዜ ካለበት ቦታ አጣችው።

በሩ ተከፈተ። ወንዳወቅ ነው። "ሞተች?"

"አልሞተችም" አለች ቤቴል።

"ጥሩ።" ትንሽ አሰበ። "እንግዲህ እትዬ ደስታነሽ፣ ያችኛዋን እንግዶቹ ወደዋታል። አትበላም፣ አታቆሽሽም። ይችን የምታሳዝን ነገር ከፈለጉ ይውሰዷት።"

ደስታነሽ ከተንበረከከችበት ተነሳች። "ወንዳወቅ ብለው ስም ሲያወጡልህ ወንድ ያውቃል ብለው ነበር" አለችው። "አንተ ወፍ እንኳ አላወቅህም።" ሳጥኑን አነሳች። ቤቴል እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት፤ ሾላ ከየት እንደሚገኝ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያጎርሷት ስትጠይቃት፣ ደስታነሽም ሳታላግጥ ስትመልስላት ደረሱ።

ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ደስታነሽ ፊቷን አላዞረችም። ረዳቱን "ወራጅ አለ" አለችው።

ባምላኩ አንድ ምድጃ ገልብጦ ሽቦ ይቀጥል ነበር። ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ሳጥኗን ይዛ ፊቱ ስትቆም ቀና ብሎ አያትና ወደ ሽቦው ተመለሰ።

"አያ ባምላኩ፣ ደህና ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ያን ጊዜ... ጫጩቶቹ ያለቁ ጊዜ። ምላጩ አልጋለም ነበር። እኔ ነኝ። ቸኩዬ ሩቅ ቆረጥኳቸው። በእርስዎ ላይ ዋሽቻለሁ።"

ሽማግሌው ሽቦውን አጣምሞ፣ በጥርሱ ቆርጦ፣ ጫፉን ተፋ።

"ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጣሽልኝ?" አለ። "ምላጩን ያን ቀን ለክቼ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። ደህና እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ አንችም ታውቂያለሽ። ኮሚቴ ፊትም ተናግሬያለሁ።"

"አልሰሙዎትም።"

"የሚጠጣ ሰው ቃል ማን ይሰማል? የሚሰሙት አንችን ነበር። አንች ደግሞ ንፁህ ሰው ነሻ።" ምድጃውን ወደ ቦታው ገለበጠ። "በይ ሂጂ፣ ሚኒባስ ያመልጥሻል።"

በድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር ደስታነሽ ወዲያው ለየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጥ የኖረችው ነው፤ መቀበሉን ግን አልለመደችውም። ቁጣ ቢሆን ይቀልላት ነበር፤ ቁጣ ያልፋል። ይቅር በሉኝ የሚለውን ቃል ይዛ እንደመጣች ይዛው ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። የሆነውን ሁሉ በወረቀት አስጽፋ ፈርማበት ነበር። ወረቀቱን የተቀበላት ወጣት ኮምፒውተሩን ሳይለቅ "እማማ፣ የዚያን ጊዜ ዶሴ የለም እኮ፤ ሰውዬውም ጡረታ ጠያቂ አይደሉም። ምን እንድናደርገው ነው?" አላት። "እንድታነበው" አለችው። አላነበበውም። አንዱን ቅጂ ማኅተም አስደርጋ ማንኩሳ ወሰደችና ለባምላኩ ሰጠችው። ባምላኩም ሳይገልጠው ከተበታተነ ራዲዮ ሥር አስገባው።

ወፏ ግን ዳነች። ለሁለት ሳምንት ያህል የበሰለ ሾላ ጨምቀው በመርፌ ቱቦ አጎረሷት፤ ከዚያ በቆሎ መፈልፈል ጀመረች። መንቁሯ በቀኝ በኩል ጠመም ብሎ ነው የበቀለው፤ ስለዚህ ወይራ ብታኝክም በየሁለት ሳምንቱ መሞረድ አለበት። የምትሞርደው ቤቴል ናት። የሳሎኗን ሥራ በምትዘጋበት በሰኞ ቀን ከቡሬ ትመጣለች። ጥፍሯን ቆርጣዋለች፤ ወፏ ትፈራው ነበርና። ሽፋሽፍቱ ግን አሁንም አለ። ደስታነሽ ስለ ሽፋሽፍቱ የምትለውን ሁሉ ትላለች፤ ልጅቱም ትስቃለች። ወፏ እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረችም። ደስታነሽን ሁለት ጊዜ ነክሳታለች፣ አንዴም እስከ አጥንት።

ሰኔ ላይ ወንዳወቅ ደወለ። ያች ነገር ድምጿ ተቆራረጠ፣ ሰውም ሰለቻት፣ አንድ እንግዳ ደግሞ አገላብጦ አይቶ በሰው ፊት ሳቀብኝ አለ። "ማዳም ተሽሏታል ሲሉ ሰማሁ። የራሴው ወፍ ናት አይደል እትዬ?"

"ባትሪ ግዛላት" አለችና ዘጋችበት።

በዚያው ሳምንት፣ ከቡሬ ገበያ ስትመለስ፣ ማንኩሳ ላይ ወረደች። አሁን ባለፈች ቁጥር ትወርዳለች፤ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ባምላኩ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። እሷም መልስ ሳትጠብቅ የሚቀጥለውን ሚኒባስ ቆማ ትጠብቃለች። ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጠጋች። ቦርሳዋን ከፍታ ነጠላዋን ስታወጣ ቤቴል እሷ ዘንድ የተወችው የጥፍር ሞረድ መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አነሳውና በአውራ ጣቱ ሄደበት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የወፏ መንቁር ነው የሚሞረድበት።"

"በዚህ?" በአፍንጫው ተነፈሰ። "ጥርሱ አልቋል እኮ። ይህ ያቃጥላል እንጂ አይሞርድም። አንች ድሮም ለመሣሪያ ግድ የለሽም።"

ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ፣ ደቃቅ ጥርስ ያለው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሞረድ አወጣ። ሳያያት ዘረጋላት።

"መልሰሽ አምጭ" አለ። "ስጦታ አይዶለም።"

ሰኞ ቤቴል ወፏን ሞረደችበት፤ ማክሰኞ ጠዋት ደስታነሽ መለሰችለት።